የሁለት ቋንቋ ትምህርት፤ ከአንድ ክፍል ወደ መላው ወረዳ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሁለት ቋንቋ ትምህርት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ርእሱን አጥብቤ እንድይዘው እንዲፈቅዱልኝ ለምኛቸው ነበር። ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ትምህርት ቢጀምር ይሻለዋል ወይስ አይሻለውም የሚለውን ክርክር በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደገና መክፈት ጊዜያችሁን ማባከን ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ደግፎ ከተናገረ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በእኛም አገር ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመንግሥት መመሪያ ሆኗል። እኔ ልናገር የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ይኸውም አንድ ትጉህ መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ቋንቋ አጣጥሞ የሚሠራው ሥራ፣ በአንድ ወረዳ ወይም በአንድ ዞን ባሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲሠራ በተወሰነ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ነው።

የደረስሁበትን ሐሳብ አስቀድሜ ልግለጥ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በሰፊው ሲዘረጋ የሚሰናከለው፣ አዘውትሮ እንደሚነገረው፣ ቋንቋው ሳይንስ ለማስተማር አልበቃ ብሎ ወይም ወላጆች ጠልተውት አይመስለኝም። ተማሪዎች ከአንደኛው ቋንቋ ወደ ሁለተኛው የሚሻገሩበት ክፍል በወረቀት ላይ ይወሰናል፤ ሁለተኛውን ቋንቋ በሚገባ የሚያውቅ መምህር ግን ከመሻገሪያው በፊት ባሉት ክፍሎች አይመደብም። መሰናክሉ ይህ ነው። ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም፤ የምደባ ጉዳይ ነው። ምደባ ደግሞ የሚሠራው በጽሕፈት ቤት ነው።

ሐሳቤን ለማስረዳት በመጀመሪያ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ተጀምረው ስለ ተሳካላቸው ሁለት የውጭ አገር ሙከራዎች በአጭሩ ላውሳ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በማያሚ ከተማ የተደረገ ነው። ከ1959 እ.ኤ.አ. የኩባ አብዮት በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ከተማይቱን ሞሉአት። ልጆቻቸው የሚናገሩት ስፓኝኛ ነው። በዚህም ምክንያት በ1963 እ.ኤ.አ. ኮራል ዌይ በሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የፎርድ ፋውንዴሽን ባደረገው የገንዘብ ርዳታ፣ የቀኑ ትምህርት እኩሌታው በእንግሊዝኛ፣ እኩሌታው በስፓኝኛ እንዲሰጥ ተደረገ። ብዙ ሰው ይህን ሙከራ የሚያነሣው «ሁለት ቋንቋ በእኩል ሰዓት» ለሚለው ሐሳብ ምሳሌ አድርጎ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ መምህር ሁለቱንም ቋንቋ እንዲያስተምር አልተደረገም። እንግሊዝኛን የእንግሊዝኛ ተወላጅ፣ ስፓኝኛን የስፓኝኛ ተወላጅ እንዲይዙት ተደርጎ ሁለቱ መምህራን ተጣመሩ፤ ጧት አንደኛው ያስተማረውን ከሰዓት በኋላ ሌላኛው እንዲያጠናክረው አብረው የሚያቅዱበት ጊዜም ተመደበላቸው። ከስደተኞቹም መካከል ረዳቶች ተቀጠሩላቸው። ማለት የቋንቋው ጥያቄ በመጀመሪያ የተፈታው ሰው በመመደብ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። በ1970 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ በኢሌ ኢፌ ከተማ፣ ፕሮፌሰር አሊዩ ባብስ ፋፉንዋ የመሩት የስድስት ዓመት ሙከራ ተጀመረ። ልጆቹ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም ኅብረተሰቡንም በዮሩባ ቋንቋ ተማሩ። እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ አንድ ትምህርት ሆኖ ተሰጣቸው። ስለ ኢፌ በአገራችን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ያንን የእንግሊዝኛ ትምህርት የያዘው የክፍሉ መምህር ሳይሆን ለዚሁ ብቻ የተመደበ፣ ቋንቋውን በሚገባ የሚያውቅ መምህር መሆኑ ነው። ስድስቱ ዓመት ሲፈጸም የሙከራው ልጆች በልማዱ መንገድ ከተማሩት አላነሱም፤ በእንግሊዝኛም ጭምር። ፋፉንዋ በኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. የአገራቸው የትምህርት ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል።

ከእነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይሰፋል። እኛ ዘንድ የቋንቋ ለውጥ በአንድ ትምህርት ቤት ተሞክሮ አያውቅም ለማለት ባልደፍርም፣ ዐዋጁ ሁልጊዜ የወጣው ለብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን ለመላው አገር ነበር፤ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ልጆች 1ኛ ክፍል ላይ አንድ ጊዜ፣ 7ኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ቋንቋ ቀየሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ለማስተማር የተነሣው በአገር አቀፍ ደረጃ ነበር። በዚያ ዘመቻ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛና ሌሎችም በአማርኛው ፊደል ተጽፈው ለብዙ ጎልማሶች የመጀመሪያ የንባብ መጽሐፍ ሆኑ። ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቱ የሚታወስ ነው። ዘመቻ ግን ትምህርት ቤት አይደለም። ዘማቹ ወራቱን አስተምሮ ይመለሳል፤ ትምህርት ቤት ግን በሚቀጥለው መስከረምም በዚያው ሥፍራ ይከፈታል።

የ1986ቱ ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ሥራው በክልሎችና በዞኖች እጅ ወደቀ። አብዛኛው ዞን የሚችለውን አደረገ። ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠን ግን፣ ምንም እንኳ ስናነሣው የሚያሳዝን ቢሆን፣ በሰሜን ኦሞ ዞን የደረሰው ይመስለኛል።

ዞኑ በዚያን ጊዜ ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋን፣ ዳውሮንና ሌሎችንም ሕዝቦች ባንድነት ይዞ ነበር። የአራቱ ቋንቋዎች ዝምድና የታወቀ ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት በአንድ የኦሞቲክ ቅርንጫፍ ውስጥ ያስቀምጡአቸዋል፤ ተናጋሪዎቹም ብዙውን ይግባባሉ። ስለዚህ ለአራቱም አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ለጽሕፈት ቤት ሰው የሚታይ ጥቅም አለው። የኅትመቱ ወጪ ይቀንሳል፤ አንድ አዘጋጅ ቡድን ይበቃል፤ መምህር ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወር መጽሐፍ አይለውጥም። በዚህ ስሌት ከአራቱ ቋንቋዎች ቃላት እየተወሰዱ የተዋሐደ፣ ስሙም ከአራቱ ስሞች መነሻ ተቀጣጥሎ «ወጋጎዳ» የተባለ የጽሑፍ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ መጻሕፍቱም ታትመው ወደ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ በወላይታ ሶዶና በአካባቢው ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። በተቃውሞው ግንባር መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረትም ወደመ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤቶች ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ተከፍሎ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ ለየራሳቸው ዞን ሆኑ።

ስለ ፖለቲካው እዚህ አልናገርም፤ ለዚያ ሌሎች መድረኮች አሉ። እንደ መምህር የማየው አንድ ነገር አለ። የወላይታ ልጅ በቤቱ፣ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ የሚሰማውን ቋንቋ መጽሐፉ ውስጥ አላገኘውም። ያገኘው ለጆሮው የቀረበ፣ ነገር ግን የማንም ያልሆነ ቋንቋ ነው። እንግዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ዋናው ጥቅም ልጁ የሚያውቀውን ቃል በፊደል ሲያየው «ይህማ የእኔ ነው» ብሎ ንባብን መድፈሩ ከሆነ፣ ያ ጥቅም የመጽሐፉን ገጽ እንደ ገለጠ ጠፋ ማለት ነው። ይህንንም ከማንም በፊት ያወቀው የ1ኛ ክፍል መምህር ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ያ መምህር ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ አራት መጽሐፍ ማሳተም ከአንድ መጽሐፍ ይልቅ ርካሽ መሆኑን በነገራቸው ነበር።

ዛሬ በእነዚያ አካባቢዎች ልጆች በየራሳቸው ቋንቋ ይማራሉ፤ ከሰሜን ኦሞ የተረፈን ትምህርት ግን በመጽሐፍ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በቀድሞው የደቡብ ክልል የአፍ መፍቻ ቋንቋ እስከ 4ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ሲቆይ፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሳይንሱም ሒሳቡም ወደ እንግሊዝኛ ይለወጥ ነበር። በኦሮሚያ፣ በትግራይና በሶማሌ ክልሎች የአፍ መፍቻው ቋንቋ እስከ 8ኛ ክፍል ሲዘልቅ፣ በደቡብ ልጁ አራት ዓመት ብቻ ተምሮ ተሻገር ተባለ። ሁለት ቋንቋ እያልን እንናገራለን እንጂ በእውነቱ ሦስት ነው፤ አማርኛም እንደ አንድ ትምህርት በመካከል አለ። ፊደሉም ሁለት ነው። የወላይታ ልጅ የላቲኑን ፊደል በቋንቋው ሲማር ኤክስ የምትባለውን ፊደል «ጥ» ብሎ ያነባል፤ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ያችው ፊደል «ክስ» ትሆንበታለች። የ7 አኃዝ እንኳ በወላይትኛ ጽሑፍ የጉሮሮ ድምፅ ማመልከቻ ሆና በቃል መካከል ትገባለች። ይህን ሁሉ ልጆች ይለምዱታል፤ ልጆች ከምናስበው በላይ ብልሆች ናቸው። ነገር ግን ልዩነቱን አውቆ የሚያስለምዳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

እስቲ አሁን ከእነዚያ የ5ኛ ክፍል ትምህርቶች አንዱን ላሳያችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በኋላ ወንበር ተቀምጬ የተከታተልሁት ነው። ትምህርቱ ዕፀዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ነበር። መምህሩ «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃልና የእንግሊዝኛ ትርጓሜውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ ልጆቹም ገለበጡ። «አንደርስታንድ?» አላቸው። «የስ ቲቸር!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ መምህሩ ወደ በሩ ሄዶ ገርበብ አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በወላይትኛ ማስረዳት ጀመረ። ወዲያው ክፍሉ ነፍስ ዘራ። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ የእንሰት ውጪኛው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ገና ከውስጥ ያልወጣው ነጭ የሚሆነው ፀሐይ ስላላገኘው እንደሆነ ተናገረች። ይህ ትክክለኛ ሳይንስ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን እንሰት አልነበረም። በሳምንቱ መጨረሻ በተሰጠው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፈተና ልጅቱ የመለሰችው «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሰሌዳው እንደ ገለበጠችው።

ለምን በሩን ገርበብ አደረገው ብዬ ኋላ ስጠይቀው፣ ሱፐርቫይዘር እንዳይሰማው ነው አለኝ። ልብ በሉ፤ በዚያ ትምህርት ቤት የተሰጠው እውነተኛው የሁለት ቋንቋ ትምህርት በምስጢር የሚሰጠው ነበር። ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው ደግሞ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው።

የትምህርት ሚኒስቴር በ1999 ዓ.ም. ካትሊን ሂውና ባልደረቦቻቸውን አሠማርቶ ያስጠናው ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቶአል። አጥኚዎቹ በ1992 እና በ1996 ዓ.ም. የተካሄዱትን አገር አቀፍ የ8ኛ ክፍል ምዘናዎች ሲመረምሩ፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በሒሳብና በሳይንስ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ከተማሩት የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አገኙ። ያቀረቡትም ምክር ስምንቱ ዓመት እንዲጠበቅ ነበር። ቀድሞ የተሻገረ ሩቅ የሚደርስ ይመስለው የነበረ ሁሉ ይህን ማየት ይገባዋል።

ይሁን እንጂ የጥናቱን አንድ ወገን ብቻ ይዤ ብናገር ታማኝ አልሆንም። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ብቻውን ማንበብ አያስተምርም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በገዛ ቋንቋቸው ከተጻፈው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት የተዘጋጁት በዚሁ የተነሣ ነው። መጽሐፉ መልካም ቢሆንም የሚያስተምረው መምህር በዚያ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ አልተማረም ይሆናል። በብዙ ኮሌጆች ዕጩ መምህሩ የሥነ ማስተማር ትምህርቱን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያ ሄዶ በወላይትኛ ወይም በሲዳምኛ ሒሳብ አስተምር ይባላል። «ተካፋይ» እና «አካፋይ» በዚያ ቋንቋ ምን እንደሚባሉ የነገረው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መምህር የራሱን ቃል ይፈጥራል፤ በጎረቤቱ ትምህርት ቤት ያለው ደግሞ ሌላ ይፈጥራል፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ሁለቱም ቃላት በፈተናው ውስጥ የሉም። ስለ ጉድኝት ማዕከላት ብዙ ይባላል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራቸው መምህራን ተሰብስበው እነዚህን የሙያ ቃላት አንድ የሚያደርጉበት ቀን ቢሆን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ፣ ወደ ምደባው ልምጣ። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ግን አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚሰጥበት አሠራር ስላለ፣ እንግሊዝኛውንም የሚያስተምረው ያው የክፍሉ መምህር ነው። በአፍ መፍቻው ቋንቋ እጅግ መልካም አስተማሪ የሆነ ሰው እንግሊዝኛው ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ምንም አያስነውረውም። የኮራል ዌይና የኢፌ ሰዎች ያወቁት ግን እኛ ያልተቀበልነው ነገር ይህ ነው፤ ሁለት ቋንቋ በሚገባ የሚማር ልጅ የግድ ሁለቱንም በሚገባ የሚያውቅ አንድ መምህር አያሻውም። ሁለት መምህራን ሊከፋፈሉት ይችላሉ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ወረዳ 30 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉት እንበል፤ በእያንዳንዱም ከ1ኛ እስከ 4ኛ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ምድብ አለ እንበል። ይህ በአንድ ትምህርት ቤት 8 የክፍል መምህራን፣ በወረዳው 240 ማለት ነው። እነዚህን 240 መምህራን በሙሉ በእንግሊዝኛ ብቁ ለማድረግ በየክረምቱ ሥልጠና ስንሰጥ ኖረናል፤ ሥልጠናውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የሁለት ሳምንት ሥልጠና ቋንቋ አይሆንም። በሌላው መንገድ እንሂድ። እንግሊዝኛ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ፣ ለ8ቱ ምድቦች 40 ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ አንድ መምህር 20 ወይም 25 ክፍለ ጊዜ ቢይዝ በየትምህርት ቤቱ 2፣ በወረዳው 60 የእንግሊዝኛ መምህራን ያስፈልጋሉ። ይህ የ60 ሰው ደመወዝ ነው፤ የወረዳው ገንዘብ ያዥ ሲሰማው ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ነገር ግን ከመሻገሪያው በፊት ላሉት ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ብቻ እንጀምር ብንል፣ 4 ምድብ፣ 20 ክፍለ ጊዜ፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር፣ በወረዳው 30 ይበቃል። ተማሪያቸው ጥቂት የሆነ ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች አንዱን ሊጋሩት ይችላሉ። እኔ ከ240ው ሥልጠና ይልቅ 30ውን መምህራን እመርጣለሁ። በ1ኛና በ2ኛ ክፍልም የእንግሊዝኛው ሰዓት ተቀንሶ ለገዛ ቋንቋቸው ንባብ ቢሰጥ የሚጎዳ ልጅ አይታየኝም፤ በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በውይይቱ ጊዜ እንሰማቸዋለን።

ይህን አሳብ ለአንዳንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ሳቀርብ የማገኘው መልስ «እንዲህ ያለ መምህር ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በወረዳቸው ውስጥ ማን በየትኛው ቋንቋ ማንበብ፣ መጻፍና ማስተማር እንደሚችል የተጻፈበት መዝገብ አለን ስላቸው አሳዩኝ ባልሁበት ሥፍራ ሁሉ አልነበረም። የመምህሩ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመኑ፣ የደመወዙ እርከን ተጽፎአል፤ ቋንቋው ግን የለም። ወላይትኛ አንብቦ የማያውቅ ሰው የ1ኛ ክፍል ወላይትኛ እንዲያስተምር የሚመደበው፣ እንግሊዝኛው የጠራ መምህር ደግሞ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከእንግሊዝኛ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ሲያስተምር የሚገኘው በዚህ የተነሣ ነው። ዝውውርም እንዲሁ ነው። ዝውውር የሚሠራው በቅርበትና በአገልግሎት ነጥብ ነው፤ መምህሩ የሚሄድበት ወረዳ ልጆች በምን ቋንቋ እንደሚማሩ በነጥቡ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለ ወላጆች አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። ወላጆች እንግሊዝኛ ቶሎ ይጀመር ሲሉ አንዳንዶቻችን «አልገባቸውም» እንላለን። እኔ ግን እጅግ በሚገባ የገባቸው ይመስለኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለልጃቸው የሚከፈተው በር የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜ ይህ ፍርሃታቸው ባሰ። ለዚያ ውጤት ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ የሚጥል ሰው ነገሩን አቅልሎ ያያል። ለወላጁ ልንነግረው የሚገባን ልጅህ እንግሊዝኛ አያስፈልገውም ብለን አይደለም። ልጅህ በ3ኛ ክፍል ቋንቋውን የሚያውቅ የእንግሊዝኛ መምህር ያገኛል፤ ሳይንሱን ደግሞ እስኪጸናለት ድረስ በሚገባው ቋንቋ ይማራል ብለን ነው። ይህን ለመናገር ግን መምህሩ በእርግጥ ተመድቦ መገኘት አለበት። ተስፋ ብቻ ይዞ ወደ ወላጆች ስብሰባ የሚሄድ ርእሰ መምህር ምን እንደሚደርስበት ታውቁታላችሁ።

በከተሞች ያለው ነገር የተለየ ነው። በሶዶ፣ በአርባ ምንጭ ወይም በሐዋሳ በአንድ ክፍል ውስጥ የአራት ቋንቋ ልጆች ሊቀመጡ ይችላሉ። ለዚህ ከተማዎቹ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ያደረጉ ትይዩ ምድቦችን ሲከፍቱ ኖረዋል፤ ይህ የተለመደና የሚሠራ መፍትሔ ነው። ዛሬ ከዚህ በላይ አልገባበትም።

ስለ ፈተና ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንድ ወረዳ ከመሻገሪያው በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት፣ በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርት ፈተና፣ ጥያቄውን በሁለቱም ቋንቋ አሳትሞ ልጁ በወደደው ቢመልስ ምን ይጎድልበታል? የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ያች የእንሰቱን ነገር የተናገረች ልጅ ሳይንሱን አለማወቅዋና እንግሊዝኛውን አለማወቅዋ በአንድ ዜሮ ተደባልቆ እንዳይጻፍ ያደርጋል። መምህሩም የቱን ማጠናከር እንዳለበት ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩን ገርበብ ማድረግ አያስፈልገውም፤ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ሁለቱም ቋንቋዎች የተፈቀዱ መሆናቸውን በፈተናው ወረቀት ላይ አስታውቆአልና።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ የመካከለኛውን ደረጃ 7ኛና 8ኛ ክፍል አድርጎ አዋቅሮታል። ከዚህ የተነሣ መሻገሪያው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በየክልሉ እንደገና ይነሣል። እኔ በበኩሌ ዘግየት ቢል እመርጣለሁ፤ ነገር ግን 5ኛም ሆነ 7ኛ ክፍል ቢሆን፣ ከመሻገሪያው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት የሚያስተምረው ሰው ስሙ ሳይታወቅ ቀኑ እንዳይታወጅ ማኅበራችን ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ደግሞ በመጀመሪያ እኛው ራሳችን ማወቅ አለብን።

ስለዚህ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረን አንድ ቅጽ አዘጋጅተናል፤ በአዳራሹ መውጫ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ረጅም አይደለም። በየትምህርት ቤታችሁ ያለውን እያንዳንዱን መምህር በተመለከተ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር፣ በየትኛው እንደሚያነብና እንደሚጽፍ፣ ዛሬ በየትኛው ክፍል ምን እንደሚያስተምር ይጠይቃል። መልሱን መምህሩ ራሱ ይሙላ፤ ሌላ ሰው ስለ እርሱ አይገምት። የየወረዳው ተወካዮች እስከ የካቲት መጨረሻ ሰብስበው ለጽሕፈት ቤታችን እንዲልኩልን እንለምናለን። ሠንጠረዡ ላይ የእንግሊዝኛ መምህር የሚለው ዓምድ በብዙ ትምህርት ቤት ባዶ እንደሚሆን እገምታለሁ። እዚያ ሥፍራ «የለም» ብላችሁ ጻፉበት እንጂ ክፍቱን አትተዉት፤ ክፍት የተተወውን ጽሕፈት ቤቱ ያልተሞላ ቅጽ ነው ብሎ ይመልስላችኋል።